ስም ያልያዘው መስኮት

አስማማው የደቅ ደሴት ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ስለነበሩ እሱም በልጅነቱ ዜማ ቤት ገብቶ ነበር፤ ድምፁ አልታዘዝ ሲለው ትምህርቱን ጥሎ ባሕር ዳር መጣ። ብዙ ዓመት ጀልባ ላይ ሠራ። ወገቡን ሲታመም የጀልባዎቹ ማኅበር አዘነለትና ከወደቡ አጠገብ ባለችው ቢሮ ተረኛ አድርጎ አስቀመጠው። የያዛትን ጀልባ ታናሽ ወንድሙ ኃይለ ገብርኤል ተረከባት።

የተረኛ ሥራ ዓይንን ከኮምፒውተር አለመንቀል ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የጣና ካርታ አለ፤ በካርታው ላይ የማኅበሩ ጀልባዎች ነጠብጣብ ሆነው ይሄዳሉ። በባሕሩ መሐል ስልክ ስለማይሠራ፣ በየጀልባው መሪ አጠገብ ቀይ ቁልፍ ያለው ትንሽ ሣጥን ተገጥሟል። ነጂው ከተቸገረ ቁልፉን ይጫናል፤ ጥሪው፣ እንደ ጀልባዋ ቦታ ሁሉ፣ በሬዲዮ ሞገድ ቢሮ ይደርሳል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የጀልባዋን ስም የያዘ ቀይ መስኮት ይከፈትና ደወል ይጮኻል። ተረኛው መስኮቱን በእጁ እስኪዘጋው ድረስ ደወሉ አይቆምም። በዚህ ጊዜ ከዘጌም ከባሕር ዳርም ፈጣን ጀልባ ይላካል።

ይህን የጥሪ ፕሮግራም የሠራችው ወንጌላዊት ናት። አባቷ ከወሎ መጥተው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያረጁ መካኒክ ናቸው። እሷ ባሕር ዳር ተወልዳ፣ እዚያው ኮምፒውተር ተምራ፣ ላገኘችው ሁሉ ፕሮግራም እየጻፈች የምትኖር፣ በግሏ የምትሠራ ባለሙያ ነበረች። ማኅበሩ በወር ጥቂት ቀን ትመጣለች። ስትመጣ አስማማው ወንበሩን ይለቅላታል፤ እሱ በር ላይ ቆሞ ባሕሩን እያየ ስለ ደቅ ያወራላታል። ስለ ወንድሙ ሲያወራ ድምፁ ውስጥ ኩራት አለ። ኃይለ ገብርኤል ማዕበል የማይፈራ፣ ግን ማዕበል የማይንቅ ነጂ ነው ይላታል።

በዚያ ክረምት ኢንተርኔት ተቋረጠ። የካርታው ሥዕል የሚመጣው በኢንተርኔት ነበርና ካርታውን የሚያሳየው ፕሮግራም ግራ ገባው። ይህኛው የተገዛ እንጂ የወንጌላዊት ሥራ አይደለም። ካርታውን ማግኘት አልቻልሁም የሚል መስኮት ያወጣል፤ አስማማው ይዘጋዋል፤ ወዲያው ሌላ ያወጣል። እንዲህ ሲል ይውላል። ጀልባዎቹ ከመስኮቱ ሥር ይደበቃሉ። አስማማው የሚቀጥለው ተረኛ እስኪመጣ ድረስ ዓይኑ ደም ይለብሳል።

አንድ ቀን ወንጌላዊት ስትመጣ ጠብቆ ለመናት።

«ይህን ነገር አጥፊልኝ፤» አላት። «እሱን ስዘጋ ጀልባው ያመልጠኛል። አንድ ቀን ሰው ያስፈጀኛል።»

ልክ ነበር። ወንጌላዊትም ይህንኑ አሰበች። የካርታውን ፕሮግራም ከፍታ ማስተካከል አትችልም፤ የሌላ ሰው ሥራ ነው። የምትችለው መስኮቱ ብቅ ሲል ተከታትሎ የሚዘጋ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ለዚህ ደግሞ ያንን መስኮት ከሌሎቹ መለየት ያስፈልጋል።

አንድ መስኮት ከግንባሩ ላይ ከምናነበው አርእስት ሌላ፣ ለተጠቃሚው የማይታይ ስም አለው። በሙያው ክላስ ይሉታል፤ የወገን ስም እንደ ማለት ነው። አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት ከብዙ መሐል ፈልጎ የሚያገኘው በዚህ ስም ነው። ስሙን የሚመድበው መስኮቱን የሠራው ባለሙያ ነው። ባለሙያው ካልመደበለት፣ መስኮት ለመሥራት የሚያገለግለው የመሣሪያ ስብስብ ራሱ፣ ስም ላልወጣላቸው ሁሉ የሚሰጠውን አንድ ተራ ስም ይለጥፍበታል።

ወንጌላዊት አስቸጋሪውን መስኮት ክላስህ ማን ነው ብላ አስጠየቀችው። ተራውን ስም መለሰ። የሠራው ሰው አልደከመለትም ማለት ነው። አርእስቱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በእሱ መለየት አልተቻለም፤ ስለዚህ ይህን ተራ ስም የያዘውን መስኮት ሁሉ ብቅ ሲል ፈልጎ የሚዘጋ ፕሮግራም ጻፈች። የሷም የጥሪ ፕሮግራም የተሠራው በዚያው የመሣሪያ ስብስብ መሆኑን አልዘነጋችም። ቀዩ መስኮት አብሮ እንዳይዘጋ ፈርታ የራሷን ኮድ ከፍታ አየች። ከዓመት በፊት ለቀዩ መስኮት «ድረሱልኝ» የሚል ክላስ መድባለታለች፤ መስመሩ አለ፤ በዓይኗ አየችው። ልቧ ዐረፈ።

ቀዩን መስኮት ራሱን ግን አልጠየቀችውም። ከፍታ፣ እንደ ሌላው ክላስህ ማን ነው ማለት ይቀራት ነበር። ከአስማማው ጋር አንዱን ጀልባ አስቁመው ቁልፉን አስጭነው ሊሞክሩት ተስማምተው ነበር፤ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። በማግሥቱ ደግሞ ለእህል ነጋዴዎች የሚዛን ፕሮግራም ልትተክል ቆላ ድባ መሄድ ነበረባትና ሄደች። ከዚያ ስትመለስ ሌላ ሥራ ያዛት። አስቀድማ የጫነችው የሚዘጋ ፕሮግራም ግን መብራት ሲመጣ በራሱ ሥራውን ጀምሮ ነበር።

አስማማው ደስ አለው። መስኮቱ ብቅ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ጠቅ ይላል፣ መስኮቱ የለም። ካርታው ነጭ ባዶ ቢሆንም ጀልባዎቹ ይታያሉ። ስልክ ደውሎ መረቃት።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። ኃይለ ገብርኤል ጠዋት ደቅ ዕቃ አድርሶ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ስለሚያውቅ እዚያው ሊያድር ወስኖ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግን በምጥ የተያዘች ሴት ወደ ጀልባው አመጡ። ስሟ ሚስጥር ይባላል፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ምጡ ከጀመራት ቆይቷል፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ባሕር ዳር ካልደረሰች አትተርፍም ብላለች። ባሏ ወልደ ሐዋርያት በቃሬዛ ከተሸከሟት ሰዎች አንዱ ነበር። ኃይለ ገብርኤል ሰማዩን አየ፤ ሚስጥርንም አየ፤ ሞተሩን አስነሣ። እሱና ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ።

ከዘጌ ሳይደርሱ ነፋሱ ያዛቸው። ወልደ ሐዋርያት ኋላ ለፖሊስ እንደተናገረው፣ መጀመሪያ ውኃው በጎን መግባት ጀመረ፤ ሞተሩ ተንተፋተፈና ቆመ። ኃይለ ገብርኤል ቀዩን ቁልፍ ተጫነ። ጥሪው መድረሱን የምታሳየው ትንሽ አረንጓዴ መብራት በራች። «ደርሷል፤ ወንድሜ ነው ተረኛው፤ አሁን ይልኩልናል፤» አላቸው። ውኃ እየቀዱ እየደፉ ጠበቁ። ኃይለ ገብርኤል እንደገና ተጫነ። አሁንም በራች። እየቀዳ እየተጫነ፣ እየቀዳ እየተጫነ ቆየ። ሚስጥር መጮኽ አቁማ ነበር። ጀልባዋ ስትገለበጥ ወልደ ሐዋርያት የሚስቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነጠላው ብቻ በእጁ ቀረ።

በማግሥቱ ጠዋት በታንኳ የወጡ ዓሣ አጥማጆች ወልደ ሐዋርያትን ባዶ የቤንዚን ጀሪካን እንዳቀፈ አገኙት። የኃይለ ገብርኤል አስከሬን ከቀናት በኋላ በባሕሩ ዳር ባለው ደንገል ውስጥ ተገኘ። ሚስጥር አልተገኘችም።

አስማማው በዚያ ቀን ተረኛ ነበር። የወንድሙ ጀልባ ነጥብ ቆማ እንደነበር አይቷል፤ ነገር ግን ነጂዎች ነፋስ ሲነሣ ጠረፍ ይዘው መቆማቸው የተለመደ ነው፤ ካርታው ባዶ ስለሆነ የቆመችው ጠረፍ ይሁን መሐል ባሕር አይታወቅም። ቀይ መስኮት አላየም። ደወል አልሰማም። የወልደ ሐዋርያት ቃል ሲደርስ ፖሊሶች ከወንድሙ ለቅሶ አንሥተው ወሰዱት።

አላየሁም አላቸው። አረንጓዴው መብራት በርቷል፣ ጥሪው ደርሷል፣ ስለዚህ ተኝተህ ነበር አሉት። አልተኛሁም አለ። እያደር ግን ራሱን መጠራጠር ጀመረ። በዚያ ሳምንት ሌላው ተረኛ ታሞበት በድርብ ሠርቷል፤ ወገቡ ሲያመው ክኒን ይውጣል፤ ደወሉን ካልሰማ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በመጨረሻ ሳላውቀው እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል ብሎ ፈረመ። ወሬው ደቅ ደረሰ።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዳኘው ይባላሉ። ወንጌላዊትን ጠርተው ፕሮግራሙ በትክክል እንደሚሠራ የሚያረጋግጥ ወረቀት ለፖሊስ እንድትጽፍ ጠየቋት። ደስ ባይላትም እሺ አለች፤ ፕሮግራሙ እንደሚሠራ አልተጠራጠረችም። ብቻ ሳትሞክረው መፈረም ከበዳት። መጋዘን ውስጥ ትርፍ ሣጥን ነበርና አምጥታ ከአስማማው ወንበር ተቀመጠች። ቁልፉን ተጫነች።

አረንጓዴዋ መብራት በራች። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቀይ ነገር ዓይን እንደ መጨፈን ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጠቅ አለ። ደወል የለም።

እንደገና ተጫነች። ብልጭ፤ ጠቅ።

መጀመሪያ ያሰበችው አልገባኝም ብላ ነበር። ገብቷት ነበር ግን። የሚዘጋውን ፕሮግራም አስቁማ ቁልፉን ተጫነች። ቀዩ መስኮት ወጥቶ ቆመ፤ ደወሉ ቢሮውን ሞላው። ደወሉ እየጮኸ መስኮቱን ክላስህ ማን ነው አለችው። «ድረሱልኝ» አላለም። ተራውን ስም መለሰ።

ኮዷን ከፈተች። ስም የሚመድበው መስመር አለ፤ ከዓመት በፊት እንደጻፈችው። ነገር ግን ከሱ በላይ ያለው መስመር መስኮቱን አሳይ ይላል። በመሣሪያ ስብስቡ ደንብ ደግሞ መስኮት ክላስ የሚመደብለት ከመታየቱ በፊት ነው። አንዴ ከታየ በኋላ የሚመጣውን ስም አይቀበልም፤ አልተቀበልሁም ብሎም አይናገርም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ቀዩ መስኮት ዓመቱን ሙሉ ሲኖር የራሱን ስም አልያዘም ነበር። በስሙ የሚፈልገው ፕሮግራም እስኪመጣ ድረስ ይህ ማንንም አልጎዳም።

ደወሉን መዝጋት ረስታው ኖሮ አቶ ዳኘው ሮጠው መጡ።

ነገረቻቸው። እያሳየች ነገረቻቸው። እሳቸው ፊት ለፊቷ ቁልፉን ተጭነው፣ ብልጭታውን አዩ። ከዚያ በሩን ዘጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ኃይለ ገብርኤልን ከልጅነቱ ያውቁታል፤ ለቅሶው ላይ አልቅሰዋል። በዝግታ አስረዷት። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ከሆነ ተጠያቂው ማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩ ከተዘጋ ስንት ቤት ይዘጋል። አስማማው አምኗል፤ ፍርድ ቤቱ ወንድሙ መሞቱን አይቶ ያቀልለታል፤ ሲወጣ ሥራው ይጠብቀዋል። አንቺም ወጣት ነሽ አሏት።

«ተኛ ብንል ማንም ይገባዋል፤» አሉ። «እንቅልፍን ዳኛም ያውቀዋል፤ እናቱም ያውቁታል። ይህን ያንቺን ነገር ግን በየትኛው ቋንቋ ነው የምታስረጃቸው?»

ወረቀቱን አልፈረመችም። ፖሊስ ጣቢያም አልሄደችም። ያን ቀን ቤቷ ገብታ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። እሳቸው ምን ሆንሽ ሲሏት ራሴን አመመኝ አለች። የአስማማውን ፊት ለማሰብ ሞከረች፤ የሚመጣላት ግን የራሷ እጅ ብቻ ነበር፤ ደወሉ እየጮኸ ከቁልፉ ላይ መነሣት ያቃተው እጅ። ልትታሰር እንደምትችል አሰበች። ፈራች። ከሚሠሩት ሁሉ እንዲህ ያለ ስሕተት የማይሠራ ማን አለ ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች፤ እውነት ነው፤ ግን አላጽናናትም። በማግሥቱ ሲነጋ ኮምፒውተሯንና ሣጥኑን ይዛ ጣቢያ ሄደች።

መርማሪው በዕድሜ እኩያዋ ነበር። ስለ ክላስ ስትነግረው መጻፉን አቁሞ ዓይን ዓይኗን አያት። ስለዚህ ነገሩን ጠረጴዛው ላይ ተከለችለትና ቁልፉን ራሱ እንዲጫን አደረገችው። ተጫነ። ደጋግሞ ተጫነ። የሚዘጋውን ፕሮግራም አስቁማ አስጫነችው፤ ደወሉ ሲጮኽ ከሌላ ክፍል ሰዎች መጡ። መርማሪው ከዚያ በኋላ እንደገና መጻፍ ጀመረ። ሆን ብለሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። አይደለም አለች። ማን እንዳሠራት ጠየቃት። የአስማማውን ስም ሳታነሣ ማኅበሩ አለች።

አስማማው በመስከረም ተለቀቀ። በእሷ ላይ የተከፈተው ፋይል ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄዶ ቀረ፤ ከከተማ ርቃ እንዳትሄድ፣ ስትሄድም እንድታስታውቅ ተባለች። አቶ ዳኘው ሁለተኛ አልጠሯትም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ልከው ፕሮግራሙን አስተካክላ እንድታስረክብ ጠይቀዋት፣ አስተካክላ አስረክባለች።

አስማማው የሚወጣ ቀን ጣቢያው በር ላይ ጠበቀችው። ከስቶ ነበር፤ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ፀሐይዋን እየሸሸ ወጣ። የተለቀቀው ማስረጃ ስለጠፋ መስሎት ነበር፤ ምንም አልነገሩትም። ከመንገዱ ማዶ ጥላ ሥር ተቀመጡና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። አልተቆጣም። ቃሏን ሁሉ እንደ ትምህርት ሰማ።

«ስለዚህ አልተኛህም፣ ጋሼ፤» አለችው ስትጨርስ። «እንቅልፍ አልወሰደህም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አያት።

«መስኮቱ ሲዘጋ፣» አለ፤ «ቀዩም ቢሆን፣ ጠቅ ይላል?»

የሚመጣውን አወቀች። ልትዋሽ ብትፈልግ ጊዜ አልነበራትም።

«ይላል።»

አስማማው ራሱን ነቀነቀ።

«ሰምቸዋለሁ፤» አለ። «ነፋሱ ሲነሣ ወደ በሩ ዞሬ ሰማዩን አይ ነበር። ከኋላዬ ጠቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠቅ ይላል። ዛሬስ ይህ ነገር በዛ አልሁ በልቤ። ደግሞ አመሰገንሁሽ። ጎበዝ ልጅ፣ ሁሉንም ትዘጋልኛለች አልሁ።» ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። «አጥፊልኝ ብዬ የለመንሁሽም እኔ ነኝ።»

አይደለም፣ አንተ ምንም አላደረግህም ልትለው ጀመረች። በእጁ አስቆማት።

«ተኝቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤» አለ። «ለመተኛቴ ንስሐ መግባቱን ለምጄው ነበር።»

ከእሱ ጋር ደቅ እንድትሄድ የጠየቃት እሱ ነው። ተኝቶ ነበር የሚለውን ወሬ እናቱ ሰምተዋል፤ ከሱ አፍ ቢሰሙ ራሱን ለማዳን የፈጠረው ይመስላቸዋል። ወንጌላዊት መርማሪውን አስፈቅዳ በጠዋቱ ጀልባ አብራው ሄደች። ባሕሩ ዝም ብሎ ነበር። ነጂው ከአስማማው ጋር አንድ ቃል አልተናገረም፤ ለሰላምታው በአንገቱ ብቻ መለሰ። ደንገሉን ሲያልፉ አስማማው ፊቱን ወደ ጀልባዋ ወለል አዞረ።

እናቱ እማሆይ ወለተ ኪዳን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ የደፉ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ሲያዩ አልተነሡም። ለወንጌላዊት ግን መቀመጫ አሳዩዋት። ስለ ክላስና ስለ ኮድ አላወራችም። ኃይለ ገብርኤል እንደጠራ፣ ጥሪው ቢሮ እንደደረሰ፣ አስማማው ነቅቶ እንደነበር፣ እሷ የሠራችው ነገር ግን ጥሪውን እሱ ሳያየው እንዳጠፋው ነገረቻቸው።

«የሰው እጅ አልነካውም?» አሉ እማሆይ።

«አልነካውም፣ እማሆይ። እኔ የሠራሁት ነው በራሱ የሚያጠፋው።»

«ልጄ ሲጠራ ጥሪው ደርሶ ነበር።»

«ደርሶ ነበር።»

እማሆይ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬቱን አዩ።

«ነፋሱ እስኪበርድ ልቆይ ብሎኝ ነበር፤» አሉ። «ሴት በምጥ ተይዛ ሰው ነፋስ ይቆጥራል ወይ ብዬ ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ይህንስ ለማንም አልተናገርሁም።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አስማማውን አዩት። «አንተን ደግሞ ረግሜሃለሁ። ተኝቶ ወንድሙን አስበላ ሲሉኝ፣ ምሕላ ላይ ቆሜ ረገምሁህ።»

አስማማው ከእግራቸው ሥር ወድቆ ጉልበታቸውን ያዘ። እማሆይ አላነሡትም፤ አልገፉትምም። እጃቸው ራሱ ላይ ዐረፈና እዚያው ቀረ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት ይሁን ሌላ ወንጌላዊት አልሰማችም። የንስሐ አባቴን ጥራልኝ ብለው ጎረቤት ላኩ። አባ ሲመጡ ወንጌላዊት ለሦስቱ ቦታ ትታ ወጣች።

የወልደ ሐዋርያትን ቤት ጠይቃ አገኘች። እሱ ግን ቤት ውስጥ አልነበረም፤ ማሳው ላይ ነው አሏት። ጤፍ ሲያርም ደረሰችበት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፀጉሩን ለሐዘን ተላጭቷል። ማን እንደሆነች ስትነግረው ቀና አለና ማረሚያውን እንደያዘ ሰማት። ለእሱ ሁሉንም ነገረችው፤ የመብራቱን መጥፋት፣ ቆላ ድባ መሄዷን፣ የመስኮቱን ስም። አስማማውን አንተ ገደልኸኝ ብሎ ጣቢያው ግቢ ውስጥ አንቆት እንደነበር ሰምታ ነበርና እሷንም እንዲመታት ጠብቃ ነበር። አልመታትም። በጥሞና ይሰማል፤ ያልገባውን ይጠይቃል። አረንጓዴዋ መብራት ታዲያ ምን ማለት ነበረች አለ። ጥሪው ኮምፒውተሩ ዘንድ ደረሰ ማለት እንጂ ሰው አየው ማለት እንዳልሆነ ነገረችው።

«እኛ ሰው ያየው መስሎን ነበር፤» አለ። «ሚስጥር ምጧን የቻለችው በዚያች መብራት ነበር። በራች፣ በራች እያልሁ እነግራት ነበር።»

ማረሚያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አሁን ተስተካከለ?» አላት።

«ተስተካክሏል።»

«ብዙ ደከምሽበት?»

መዋሸት ይገባ ነበር ብላ ኋላ ብዙ ጊዜ አስባለች። ረጅም ጊዜ ፈጀ፣ ብዙ ባለሙያ ተሰብስቦበት ነው ብትለው ምናልባት ይቀለው ነበር።

«አልደከምኩም፤» አለችው። «አንዱን መስመር ከሌላው በፊት ማስቀደም ነበር። ወዲያው ተስተካከለ።»

ወልደ ሐዋርያት ይህን እንደ ሰማ ወደ ባሕሩ አየ። ከማሳው ላይ ሆኖ ባሕሩ ይታያል፤ የከሰዓቱ ነፋስ ገና አልተነሣም። ጎንበስ ብሎ ማረሙን ቀጠለ። ወንጌላዊት ከማሳው ዳር ቆማ ጠበቀች፤ እሱ እየራቀ ሄደ፤ ዞሮ አላያትም።

አስማማው ደቅ ቀረ። ወደ ጀልባው የወረደችው ብቻዋን ነው።